ስለ ሚጣ ጩኸት፦ የሚነዝረው የአንገት ማሰሪያና ቤት ድረስ የሚመጣው አሠልጣኝ

ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ በምንኖርበት ግቢ ውስጥ ሚጣ የምንላት፣ 4 ኪሎ የማትሞላ፣ ነጭና ባለ ረጅም ፀጉር ውሻ አለችን። ባለፈው ዓመት ጩኸቷ ከእኛ አልፎ ለጎረቤት ተርፎ ስለነበር፣ ጩኸቱን ለማርገብ ገንዘብ ያወጣሁባቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያንና ቤት ድረስ እየመጣ ውሻ የሚያሠለጥን ባለሙያን፣ ባየሁት መጠን በዝርዝር ልጽፍ ወስኛለሁ። ማሰሪያውን ማንም እንዲገዛ አልመክርም። አሠልጣኙን ግን፣ ወደ ኋላ የምዘረዝራቸው ጉድለቶች ቢኖሩበትም፣ ከልቤ እመክራለሁ።

ችግሩ የቱን ያህል እንደነበር ለማስረዳት ከጎረቤታችን ልጀምር። አጥር የምንጋራቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በከሰዓት ፈረቃ ስለምትሠራ ሰርቪስ የሚያወርዳት ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰርቪሱ ሲቆም ሚጣ ትጮኻለች፤ ልጅቱ የግቢያቸውን በር ስትዘጋ ትጮኻለች፤ ማለዳ ወተት የሚያመጣልን ልጅ በራችንን ሲያንኳኳ ደግሞ እንደ አዲስ ትጀምራለች። አንድ ቀን እናትየዋ ራሳቸው መጡ። በር ላይ ቆመው፣ ሚጣ ከእግሬ ሥር ያለማቋረጥ እየጮኸችባቸው፣ «ልጄ፣ ውሻዋን ጠልቼ እንዳይመስልህ፤ ልጅቱ ከሥራ ገብታ ጎኗን ሳታሳርፍ በ12 ሰዓት ይቺ ትቀሰቅሳታለች» አሉኝ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መላ እፈልጋለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። እስከ ምሽት ድረስ መርፌና ክር ላይ ዓይኗን ስታደክም የዋለች ልጅ በእኛ ምክንያት እንቅልፍ ማጣቷ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ለዚህም ነው ቸኩዬ ማሰሪያውን የገዛሁት።

ማሰሪያውን ያገኘሁት በማኅበራዊ ገጽ ከሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን፣ 4,200 ብር ከፍዬ በአውቶቡስ ተልኮልኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። ከውሻው ጉሮሮ ቆዳ ጋር እንዲነካኩ ሆነው የሚታሰሩ ሁለት አጫጭር የብረት ጥርሶች አሉት፤ ድምፅ የሚለይ ክፍሉ ጩኸት ሲሰማ በመጀመሪያ ጢጥ ይላል፣ ቀጥሎ ይንቀጠቀጣል፣ ጩኸቱ ካላቆመ ይነዝራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቤቱ ጸጥ ስላለ በግዢዬ ተደስቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከአጥር ማዶ ያለው ትልቅ ውሻ ጮኸ። ሚጣ አጠገቤ ዝም ብላ ተኝታ ነበር። ማሰሪያው ግን የማን ጩኸት እንደሆነ የሚለይበት መንገድ ስላልነበረው እሷን ነዘራት፤ ከተኛችበት ዘልላ ተነሥታ አንገቷን በኋላ እግሯ እየቧጨረች ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ ያረፈው እኔ ላይ ነበር። ያን አስተያየቷን አልረሳውም።

በሰባተኛው ቀን የቤት ረዳታችን፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሚጣ አልጋ ሥር ገብታ እንደምትሸና ነገረችኝ። በዘጠነኛው ቀን ማሰሪያውን ስፈታው ከሥሩ ፀጉሯ ተመልጦ፣ ጥርሶቹ ያረፉባቸው ሁለት ቦታዎች የምስር ፍሬ የሚያህል ቁስል አውጥተው አገኘኋቸው። ነጋዴው «እስክትለምደው ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠኝም፤ ዕቃውንም መልሶ አልወሰደም።

ስህተቱ የዕቃው ጥራት ብቻ አይመስለኝም፤ ዋናው ሐሳቡ ራሱ የተሳሳተ ነው። ሚጣ በሩ ጋ የምትጮኸው ከውጭ የሚመጣውን ነገር ስለምትፈራ ከሆነ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ሕመም ሲጨመርባት የምትማረው በሩ እውነትም የሚያስፈራ መሆኑን ነው። ጩኸቱ ይጠፋል፤ ፍርሃቱ ግን ይጨምርና በሌላ በኩል ይወጣል፣ በእኛ ቤት አልጋ ሥር እንደወጣው። ዌልስ የዚህ ዓይነቱን የሚነዝር ማሰሪያ በውሻና በድመት ላይ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ ከልክላለች። የእንስሳት ባሕርይን የሚያጠኑ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአቋም መግለጫ ውሻን በሽልማት እንጂ በሕመምና በማስፈራራት ማሠልጠን እንደማይገባ አስታውቋል። ይህን አስቀድሜ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ሚጣን ለዘጠኝ ቀን ባላሠቃየኋት ነበር።

አሠልጣኙን ያገኘሁት ለዓመታዊው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሚጣን ይዤ በሄድኩበት ጊዜ ቁስሉን ያዩት ሐኪም ስልኩን ሰጥተውኝ ነው። በእንስሳት ጤና የተመረቀ ወጣት ሲሆን፣ ሥራ የሚቀበለው በሐኪሞች በኩል ብቻ ስለሆነ ስሙን እዚህ አላነሣም። ለአንድ ጉብኝት 900 ብር ያስከፍላል፤ አንዱ ጉብኝት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። እኛ በ7 ሳምንት ውስጥ 6 ጊዜ አስመጥተነው በድምሩ 5,400 ብር ከፍለናል። ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከማሰሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙም የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ሲመጣ ከሁሉ በፊት የክትባት ካርዷን ጠየቀ። ከዚያም ሚጣን ሳይጠራትና ሳይነካት፣ ጎኑን ሰጥቷት መሬት ላይ ተቀመጠና ለሃያ ደቂቃ ያህል እኛን ብቻ እያነጋገረ ቆየ። እሷም ጮኻ ጮኻ ሲደክማት ቀስ ብላ መጥታ ጫማውን አሸተተች። «ሙሉ በሙሉ ዝም እንድትል ማድረግ እችላለሁ ብዬ ቃል አልገባም» አለኝ፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ሁለት ሦስት ጊዜ ጮኻ ሰው መጣ ብላ ነግራችሁ፣ ሰማናት ስትሏት የምታቆም ውሻ ብትሆንላችሁ ግን ይበቃችኋል።» ይህ ንግግሩ ከመጀመሪያው እምነት አሳደረብኝ። እኛ አገር ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው እንዲጮኽ ነው፤ ለዘመናት ጩኸቱን ስንፈልገው ኖረን በአንድ ጀምበር እንዲያጠፋው መጠየቅ ለእንስሳው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ማሠልጠን ሳይሆን መመዝገብ ነበር። አንድ ደብተር ገዝተን፣ በጮኸች ቁጥር ሰዓቱን፣ ከጩኸቱ በፊት የሆነውን ነገር፣ የቆየበትን ጊዜና እኛ ያደረግነውን እንድንጽፍ አዘዘን። በ7 ቀን ውስጥ 61 ጊዜ ጻፍን። ከእነዚህ ውስጥ 34ቱ ከበሩና ከመንገዱ ጋር የተያያዙ፣ 11ዱ አጥር ላይ በሚወጡ ጦጣዎች ምክንያት፣ 9ኙ እኛ ማዕድ ስንቀርብ፣ 7ቱ ደግሞ ብቻዋን ስትቀር የጮኸቻቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት ማንም ቢጠይቀኝ «ብቻዋን ስትሆን ከፍቷት ነው የምትጮኸው» ብዬ እምል ነበር። ስልኬን ድምፅ እንዲቀርጽ አድርጌ ትቼ ስወጣ የተገኘው ግን ሌላ ነው፤ ለአራት ደቂቃ ያህል ጮኻ ከዚያ በኋላ ሰርቪስ ወይም ባጃጅ እስኪቆም ድረስ ድምፅ አልነበራትም። ለችግሩ የሰጠሁት ስም ስህተት ስለነበር የፈለግሁለት መድኃኒትም ስህተት ሆኗል።

ቀረጻዎቹን አንድ ላይ አሰምቶ የትኛው ጩኸት የበር፣ የትኛው የብቸኝነት፣ የትኛው የማዕድ እንደሆነ እንድንገምት ሲጠይቀን ባለቤቴ አብዛኞቹን በትክክል ለየቻቸው። የበሩ ጩኸት ወፍራምና የተጣደፈ ነው፤ የብቸኝነቱ ቀጭን ሆኖ በመካከሉ ዕረፍት አለው። በኋላ ሳነብ ይህ የእሷ ልዩ ችሎታ አለመሆኑን ተረዳሁ፤ የቡዳፔስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የተቀረጸ የውሻ ጩኸት ብቻ ሰምተው ውሻው የጮኸበትን ሁኔታ በዘፈቀደ ከመገመት በተሻለ መለየት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤታችን ውስጥ «ዝም በይ!» የሚለው ጩኸት ቀርቶ «ምን ሰምታ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተተካ።

አብዛኛው ሥራ የተሠራው በበሩ ላይ ነው። መጀመሪያ የመከረን ከበሩ ሥር ያለውን የአንድ ስንዝር ክፍተት እንድንዘጋ ነበር፤ ሚጣ ሆዷን መሬት ላይ አጣብቃ በዚያ ቀዳዳ የመንገደኛውን እግር እየቆጠረች ትውል ነበርና። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ራሱ ሊያልፍ የመጣ ቢሆንም እሷ ግን ጮኻ ያባረረችው ይመስላታል፤ ስለዚህ በየቀኑ መቶ ጊዜ እያሸነፈች ጩኸቱን ታጠነክረዋለች። ብየዳ ቤት ወስደን ላሜራ አስበየድንበትና በ350 ብር ብቻ የጩኸቱ ሩብ ያህል የቀነሰ መሰለኝ።

የቀረው ድምፁ ነው። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ድረስ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000 ገደማ ስለሚሰማ፣ እኛ «ያለ ምክንያት ጮኸች» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ያልሰማነውን ሰምታ ነው። ለዚህ ያሠለጠነን መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ቢሆንም የተወሳሰበ አይደለም። የተቀቀለ የዶሮ ጉበት የሽምብራ ፍሬ አሳክለን ቆራርጠን፣ ለሦስት ቀን ያህል «ጎበዝ» ማለትና ወዲያው አንዷን ቁራሽ መስጠት ብቻ ነበር ሥራችን፤ ቃሉ ራሱ የምግብ ያህል እስኪጣፍጣት ድረስ። ቀጥሎ ሳሎን ጥግ ላይ ትንሽ ምንጣፍ አንጥፈን እዚያ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ሸለምናት። ከዚያ የራሳችን በር ሲንኳኳ የተቀረጸ ድምፅ በስልክ፣ እኔ ራሴ በጭንቅ እስከምሰማው ድረስ ዝቅ አድርገን እየከፈትን፣ ድምፁ እንዳለፈ ወዲያው ጉበት መስጠት ጀመርን። ከጮኸች ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ፈጥነናል ማለት ነው፤ ድምፁን መልሰን እንቀንሳለን። ከአሥር ቀን በኋላ ልጆቼ በተራ ወደ ውጭ እየወጡ በሩን በጣታቸው ጫፍ፣ ከዚያ በሳንቲም፣ ከዚያ በጡጫ ማንኳኳት ያዙ። ውሻ ወደ በሩ እየሮጠ በዚያው ቅጽበት ምንጣፍ ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ የትምህርቱ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ወተት የሚያመጣው ልጅ እንደ ልማዱ በሩን ደበደበው። ሚጣ ከተኛችበት ብድግ አለች፤ ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ ሦስተኛውን ልትጮኽ አፏን ከፍታ ሳለች አንገቷን ዞር አድርጋ የቤት ረዳታችንን አየቻት። እሷም «ጎበዝ» አለቻት። ሚጣ ጆሮዋ አሁንም ወደ በሩ እንደቆመ፣ በዝግታ ተራምዳ ምንጣፏ ላይ ቁጭ አለች። ከበረንዳው ሆኜ ይህን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የማዕዱ ጩኸት ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱን እኛው ያስተማርናት ነው። ትሪ ዙሪያ ስንቀመጥ ትጮኻለች፣ ከልጆቹ አንዱ ጉርሻ ይወረውርላታል፣ ዝም ትላለች። አሠልጣኙ በመጀመሪያ ያስቆመን ወጡን ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጎዱ፣ በተለይ እንደ እሷ ላለች ትንሽ ውሻ የሽንኩርት ቁሌት ያለበት ጉርሻ ፍቅር ሳይሆን ጉዳት ነው። የራሷን ምግብ ከእኛ ቀድማ እንድትበላ አደረግን፤ ለጩኸቷም ፈጽሞ መልስ እንዳንሰጥ ተስማማን። ጩኸቱ ከመጥፋቱ በፊት እንደሚብስ አስጠንቅቆን ነበር፤ እውነትም ለአራት ቀን ጆሮ የሚበጥስ ሆነ። በአራተኛው ቀን ማታ ትንሿ ልጄ አንጀቷ አልችል ብሏት እንጀራ ጣለችላትና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ዘግይቶም ቢሆን አንዴ የተገኘ ጉርሻ ውሻውን የሚያስተምረው አብዝቶ መጮኽን ነውና። ጾም ሲገባ ባለቤቴ እቤት ውስጥ ጉበት መቀቀል ስላልፈለገች በተቀቀለ ስኳር ድንችና በካሮት ተክተነዋል። ጉበቱን ያህል ባይሆንም ሠርቷል።

ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ራሱን ሊጠይቅበት የሚገባ አንድ ጉዳይም አንሥቶልናል። ሚጣ ትልቅ ውሻ ብትሆን ኖሮ እንግዳ ላይ እንዲህ እንድትጮኽ እንፈቅድላት ነበር ወይ? ቪየና ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የትናንሽ ውሾች ባለቤቶች ደንባቸው ወጥነት እንደሚጎድለው፣ ከውሻቸው ጋርም ሥልጠናና ጨዋታ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ከትልልቅ ውሾች ባለቤቶች ያነሰ እንደሆነ አግኝቷል። በእኛም ቤት እንደዚያው ነበር፤ ሚጣ ለሕክምና ካልሆነ በቀር ከግቢ ወጥታ አታውቅም፣ ስትጮኽም ከማስተማር ይልቅ አንሥተን እናቅፋት ነበር። አሁን በየማለዳው ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በሐይቁ ዳር በገመድ ይዣት እሄዳለሁ። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ አካባቢ ከሷ በቁመት የሚበልጡት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ቆማ ታያቸዋለች፤ መሬቱን ደግሞ የምታሸተው እስክትጠግብ ነው። እንዲህ ባደረገችባቸው ቀናት ከሰዓቱን ተኝታ ታሳልፋለች።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። የመጀመሪያውና ትልቁ፣ አሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉብኝቶች ያነጋገረው እኔንና ባለቤቴን ብቻ መሆኑ ነው፤ እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነን። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የቤት ረዳታችን፣ «ጋሼ፣ በሩን የምከፍተው እኔ አይደለሁ? ለምን ለእኔ አላሳየኝም?» አለችኝ። ፍጹም እውነቷን ነበር። ነግሬው ከሦስተኛው ጉብኝት ጀምሮ ዋናዋን ተማሪ እሷን አደረጋት፤ ለውጡም የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በየቤቱ ከውሻው ጋር የሚውለው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረበት።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ሚጣ ሌሊት ሌሊት ራሷን እያራገፈች ትነሣና ትጮኽ ነበር። አሠልጣኙ ይህንን የሰርቪሱ ድምፅ ውጤት አድርጎ ሲወስደው ቆይቶ፣ በአራተኛው ሳምንት ከጆሮዋ መጥፎ ሽታ እንደሚመጣ ባለቤቴ ስትነግረው ነው ወደ ሐኪም የላከን። ሐኪሙ የጆሮ ኢንፌክሽን አገኙባት፤ አጽድተው ለ10 ቀን የሚሆን ጠብታ ሰጡን፤ የሌሊቱም ጩኸት ከጠብታው ጋር አብሮ አለቀ። የሚያማት ውሻ ላይ አራት ሳምንት ሥልጠና መሥራታችን እስካሁን ይቆጨኛል። የውሻው ጩኸት በድንገት የጨመረበት ሰው ከአሠልጣኝም ከማንም በፊት የውሻውን ጆሮ፣ ጥርስና ሰውነት ሐኪም እንዲያይለት አጥብቄ እለምናለሁ። ከዚህ ሌላ መመሪያዎቹን በጽሑፍ አለመስጠቱና ሁለት ጊዜ ያህል ከቀጠሮው ከአንድ ሰዓት በላይ ማርፈዱ ሊታረሙ የሚገባቸው ናቸው።

ስለ ጦጣዎቹ የተናገረው ግን በታማኝነቱ አስመስግኖታል። «ይህን ላጠፋው አልችልም፤ ሥልጠና ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉኝ» ብሎ የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ክዳን እንዲኖረውና እነሱ በሚመጡበት ሰዓት ሚጣ ቤት ውስጥ እንድትቆይ ብቻ መከረን። ዛሬም ጦጣ ስታይ ትጮኻለች።

ሥልጠናው ባለቀ በሳምንቱ ደብተሩን እንደገና ይዘን ለ7 ቀን መዘገብን፤ 19 ጊዜ ጮኻለች፣ ከእነዚህም 8ቱ በጦጣዎቹ ላይ ነበሩ። አብዛኞቹ ከሁለት ሦስት ጩኸት አላለፉም። ጎረቤታችንን በቀደም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቻቸው ስለ ልጃቸው እንቅልፍ ስጠይቃቸው፣ «ሰሞኑን እንኳ አርፍዳ ነው የምትነሣው፤ ውሻችሁ ደህና ናት ወይ ብላ ጠይቃኛለች» አሉኝ።

አገልግሎቱን የሚፈልግ ሰው ውሻውን በሚያሳክምበት ክሊኒክ በኩል ቢጠይቅ ያገኘዋል። የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሆነ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ያልተከተበ ውሻ አይቀበልም። የአንድ ሳምንት መዝገብ አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው አንድ ጉብኝት፣ ማለትም 900 ብር ይተርፈዋል። ከውሻው ጋር የሚውለው ሰው በመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲቀመጥ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ይጠይቅ፤ አሠልጣኙ ሊረሳው ይችላል።